ሻሹን የሚያስረው ማን ነው? የሚፈታውስ?



ከቅዳሴ በኋላ በምናደርገው ውይይት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ጥያቄው «አንዳንድ የምዕራብ አገሮች የሙስሊም ሴቶችን የራስ መሸፈኛ በሕግ ይከለክላሉ፤ አንዳንድ የሙስሊም አገሮች ደግሞ በሕግ ያስገድዳሉ፤ ክርስቲያን ወጣት ከማን ጋር ይቁም?» የሚል ነበር። «የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ያሉ ነበሩ። «ፈረንሳይ ደግ አደረገች» ያሉም አልጠፉም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ተማሪዎች ግን ነገሩ ከአንገታችን ማተብና ከእናቶቻችን ነጠላ የራቀ መስሎ ስላልታየን፣ የምናውቀውን ሰብስበን ለማቅረብ ወደድን። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን ፈረንሳይን እንመልከት። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ክሬይ በምትባል ከተማ በ1989 ሦስት ልጃገረዶች ሻሻችንን አናወልቅም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ወሬው አገሩን ሁሉ አናወጠው። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ሻሽ ማሰር ብቻውን የትምህርት ቤቱን ከሃይማኖት ገለልተኛ መሆን አያፈርስም የሚል አስተያየት ሰጠ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በየትምህርት ቤቱ እየተለያየ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ተጎተተ፤ በመጨረሻም ማርች 15 ቀን 2004 ሕግ ወጣ። ሕጉ በመንግሥት የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ሃይማኖታቸውን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ምልክት እንዳያደርጉ ይከለክላል። ዩኒቨርሲቲን አይመለከትም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፣ ሕጉ የሙስሊሞችን ስም አለመጥራቱን ነው። ስለዚህ ከሻሹ ጋር የአይሁድ ቆብ፣ የሲኮች ጥምጥም፣ ትልቅ መስቀልም አብረው ሄዱ። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ከተባረሩት መካከል ጥምጥማችንን አንፈታም ያሉ የሲክ ወንዶች ልጆችም ነበሩ። ትንሽ መስቀል በአንገት ላይ ይፈቀዳል። ትንሽና ትልቅ የሚባለው በማን ክንድ እንደሚለካ ግን የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በአደባባይ ፊትን መሸፈን ከለከለ፤ ቅጣቱም እስከ 150 ዩሮ ነው። በ2023 የትምህርት ሚኒስቴሩ ዓባያ የሚባለውን ረጅምና ሰፊ ቀሚስ ከትምህርት ቤት አስወጣ። ቀሚስ ሃይማኖታዊ የሚሆነው ለባሿ ማን ስትሆን እንደ ሆነ ማሰብ ለአንባቢ እንተዋለን።

ፈረንሳውያን ይህን ያደረጉት ሙስሊምን ስለሚጠሉ ብቻ ነው ማለት ግን ታሪካቸውን አለማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን የለየው ሕጋቸው የወጣው በ1905 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ትግሉ ከእስልምና ጋር አልነበረም፤ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከነገሥታቱ ጋር ተባብራ የኖረች፣ ትምህርት ቤቱንም በእጇ የያዘች ነበረችና፣ የሪፐብሊክ ወገን የሆኑት ሰዎች ልጆቹን ከካህናት እጅ ለማውጣት ብዙ ታገሉ። ስለዚህ ለአንድ ፈረንሳዊ መምህር ትምህርት ቤት ማለት ልጅ ከአባቱም ከሰፈሩም ከካህኑም ተለይቶ በራሱ ማሰብን የሚማርበት ስፍራ ነው። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። (ይሁን እንጂ አልዛስና ሞዜል በተባሉት አውራጃዎቻቸው እስከ ዛሬ የካቶሊክ ካህናት፣ የፕሮቴስታንት ፓስተሮችና የአይሁድ ረቢዎች ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ከመንግሥት ነው፤ አውራጃዎቹ በ1905 በጀርመን እጅ ስለ ነበሩ ሕጉ አልደረሰባቸውም። ሪፐብሊኩም በዚህ ምክንያት አልፈረሰም።)

«ምዕራባውያን» ብለን በአንድ ቃል ስንጠራቸው ደግሞ እንሳሳታለን። ፈረንሳይ ያን ሕግ ባወጣችበት በዚያው በ2004 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ማስኮጊ በምትባል ከተማ፣ ሻሽ በማሰሯ ከክፍል የታገደች አንዲት ልጅ ጉዳይ ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ከልጅቱ ጋር ቆሞ ተከራከረላት፤ ትምህርት ቤቱም ሻሿን እንድታስር ለመፍቀድ ተስማማ። ሁለቱም አገሮች መንግሥትን ከሃይማኖት ለይተናል ይላሉ። አንደኛው ልዩነቱን የሚረዳው መንግሥትን ከሃይማኖት ለመጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሃይማኖትን ከመንግሥት ለመጠበቅ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእንግሊዙ ነገር ነው። ናድያ ኢዌዳ የምትባል ከግብፅ የዘር ሐረግ ያላት የቅብጥ ክርስቲያን፣ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ ሳለች በ2006 ትንሽ የብር መስቀሏን ከዩኒፎርሟ በላይ አድርጋ ትታያለች። ደብቂው ተባለች፤ እንቢ አለች፤ ያለ ደመወዝ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያው ድርጅት የሙስሊም ሴቶች ሻሽና የሲኮች ጥምጥም ተፈቅዶ ነበር። ድርጅቱ በ2007 ደንቡን አሻሻለ፤ እርሷ ግን ክርክሯን ቀጥላ በጃንዋሪ 2013 በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት መብቷ ተነክቷል ብሎ ፈረደላት። በዚያኑ ቀን ሸርሊ ቻፕሊን የምትባል ክርስቲያን ነርስ ግን ተረታች። የእርሷ መስቀል በአንገቷ ተንጠልጥሎ በሽተኛ ሊይዘው ወይም ቁስል ሊነካ ይችላል የሚል ምክንያት ቀርቦ ነበርና ነው።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ስናያቸው ትክክል ይመስሉናል። አንደኛው ክልከላ የድርጅቱን መልክ ለማሳመር የተደረገ ነው፤ ሁለተኛው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ከመካከላችን በላቦራቶሪ የሚሠሩት ያውቁታል፤ እሳት በሚነድበት ጠረጴዛ ላይ የተንጠለጠለ ነጠላ ይዞ የሚጎነበስ ተማሪ ቢኖር አስተማሪው «አውልቅ» ቢለው ሃይማኖቱን ተናገረው አንልም። ትእዛዝ ሁሉ በደል አይደለም። የሚጠየቀው «ስለ ምን?» ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ሙስሊም አገሮች እንለፍ፤ እዚያም አንድ ነገር አናገኝም። ቱርክ ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ ግን አገሩን እንደ አውሮፓ ለማድረግ ሲል በ1925 ወንዶች ፌዝ የተባለውን ቆብ ትተው የፈረንጅ ባርኔጣ እንዲያደርጉ በሕግ አዘዘ። ከ1980ው የወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ የሴቶች ሻሽ ተከለከለ። ሜርቬ ካቫክቺ የምትባል ሴት በ1999 ለምክር ቤት ተመርጣ ሻሿን እንዳሰረች ብትገባ፣ አባላቱ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጮኹባት፤ ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወጣች። ሌይላ ሻሂን የተባለች የሕክምና ተማሪም ከኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ በመታገዷ ትምህርቷን በቪየና ቀጠለች። ሙስሊሟ ሙስሊም አገሯን ትታ ሻሿን አስራ ለመማር ወደ ካቶሊኮች ከተማ መሄዷ ነው! ክሷም በ2005 በዚያው በስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። በክልከላው ዘመን ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሻሻቸውን ፈትተው፣ አንዳንዶቹም ጠጉራቸው እንዳይታይ በላዩ ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍተው ይገቡ ነበር። ክልከላው በዩኒቨርሲቲ ከ2010 ጀምሮ ላላ፤ በ2013 ለአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛም ተነሣ።

ኢራን ግን ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ናት። ንጉሡ ሬዛ ሻህ በጃንዋሪ 1936 የሴቶችን መሸፈኛ በዐዋጅ ከለከለ። ፖሊሶች በመንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ላይ ቻዶራቸውን ይገፍፉ ነበር። ራስን ገልጦ መውጣት እንደ ራቁትነት የሆነባቸው ብዙ ሴቶች ከቤት ሳይወጡ ቀሩ፤ ነጻ አወጣናችሁ የተባሉት እነርሱ ናቸው። ንጉሡ በ1941 ከዙፋኑ ሲወርድ ዐዋጁም ላላ። በልጁ ላይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ሳይሸፈኑ ያደጉ የተማሩ ሴቶች እንኳ ንጉሡን ለመቃወም ሲሉ ቻዶር ለብሰው ሰልፍ ወጡ። አብዮቱ በ1979 ድል ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሸፈን ግዴታ ሊሆን ነው የሚል ቃል ተሰማ፤ በማርች 8 በሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች በቴህራን ጎዳናዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ አልተሰሙም። በ1983 ሳትሸፈን በአደባባይ የተገኘች ሴት እስከ 74 ግርፋት እንድትቀጣ ተደነገገ። በሴፕቴምበር 2022 ማሕሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት ሻሽሽን በሥርዓቱ አላሰርሽም ተብላ በቴህራን በሥነ ምግባር ፖሊሶች ተያዘች፤ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ከዚያም በአገሪቱ የተነሣውን ሁሉም ሰምቷል።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ በአእምሯችሁ ሳሉ። ቅድመ አያቲቱ በ1936 ፖሊስ ሻሿን ይገፍፋታል፤ የልጅ ልጅ ልጇን በ2022 ፖሊስ ሻሹን ያስራታል። ጨርቁ ተለዋወጠ እንጂ እጁ ያው ነው። ሁለቱም መንግሥታት «ስለ ሴቲቱ ክብር» ነበር ያሉት። እርሷን የጠየቃት ግን አልነበረም።

የኢንዶኔዥያን ነገር በአጭሩ እንጨምር። በዚያች ብዙ ሙስሊም ባለባት አገር በ1980ዎቹ ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሻሽ ማሰር የሚያስባርር ነበር፤ በ1991 ተፈቀደ። በ2021 ደግሞ በፓዳንግ ከተማ አንዲት ክርስቲያን ተማሪ የሙስሊም ሻሽ እንድታስር ተገደደችና ጉዳዩ አገር አነጋገረ። ሦስት ሚኒስትሮች ተባብረው ማንም ልጅ አይገደድ፣ አይከልከልም የሚል ውሳኔ አወጡ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት ሻረው። ሻሹ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከተከለከለ ነገር ወደ ተፈቀደ፣ ከተፈቀደ ወደ ግዴታ ተሻገረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ወሬ ለማብዛት አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ጥያቄ ለማንሣት ነው። ሃይማኖት የሚኖረው የት ነው?

በዘመናችን ብዙ የምዕራብ ሰዎች ሃይማኖት በልብ ውስጥ ያለ አሳብ ነው ይላሉ። ለዚህም ነው «እመኚ፤ ማን ከለከለሽ? ሻሹን ግን በር ላይ ተዪው» ማለት የሚቀልላቸው። ሙስሊሙ ግን እንዲህ አይደለም። ከመስገዱ በፊት ይታጠባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ በግንባሩ ይሰግዳል፣ በረመዳን ይጾማል፤ የሚበላውና የማይበላው ተለይቷል። ሃይማኖቱ በገላው ላይ ነው። ታዲያ እኛስ? ጫማ አውልቀን ነው ወደ መቅደስ የምንገባ። በስግደት እንወድቃለን፤ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ ማተብ አስረናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያይቱ መልእክት ሴት ስትጸልይ ራሷን እንድትሸፍን አስተምሯልና፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን ተከናንበው ያስቀድሳሉ። በእምነት ትምህርት ከሙስሊሙ ብዙ እንለያያለን፤ በሥላሴና በክርስቶስ አምላክነት ላይ ያለን ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሃይማኖት ገላን ይመለከታል በሚለው ነገር ግን ከፓሪሱ መምህር ይልቅ ለጎረቤታችን እንቀርባለን። ስለዚህ «ፈረንሳይ ደግ አደረገች» የምንል ሰዎች ነገ «ማተቡን ከሸሚዝህ በታች ክተተው» ስንባል የምንመልሰውን ከወዲሁ እናስብበት።

ይሁን እንጂ እዚሁ ላይ አደጋው አለ። ልብን ማንም ማስገደድ አይችልም፤ ገላን ግን ይቻላል። መንግሥት ሃይማኖተኛ መባል ሲፈልግ ወይም ሥልጡን መባል ሲፈልግ እጁ የሚደርሰው ገላ ላይ ነው፤ ከገላም ሴቷ ላይ፣ ከሴቷም ራሷ ላይ። የቴህራን ፖሊስ አንዲት ሴት እግዚአብሔርን እንድትፈራ ማድረግ አይችልም፤ ፖሊስን እንድትፈራ ማድረግ ግን ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ሴቶች አንድ ይመስላሉ።

«ቤተ ክርስቲያንስ ተሸፈኑ ትል የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን ትላለች። ነገር ግን የምትለው በፈቃዳቸው ለመጡት ነው፤ ወህኒ ቤት የላትም። ከዚህ ላይ ግን በደጀ ሰላም ቆመው ሱሪ ለብሳ የመጣችን እኅት በቁጣ የሚመልሱ ወንድሞቻችንን ሳናነሣ አናልፍም። ነጠላ አበድሮ ማስገባት እያለ በር ላይ ማዋረድ ከማን የተማርነው ነው? የዚያች እኅት ሁለተኛ ሳትመጣ መቅረት በማን እንደሚጠየቅ አናውቅም።

የፈረንሳይን ሕግ የሚደግፉ ሰዎች አንድ ቀላል ያልሆነ ክርክር አላቸው። በ2003 በበርናር ስታዚ የተመራው ኮሚሲዮን ባደረገው ምርመራ፣ በአንዳንድ ሰፈሮች ልጃገረዶች ወደውና ፈቅደው ሳይሆን በወንድሞቻቸውና በሰፈሩ ወንዶች ተገደው እንደሚሸፈኑ የሚናገሩ ምስክሮች ቀርበዋል። የ13 ዓመት ልጅ «ወድጄ ነው» ብትል እንዴት እናውቃለን? ትምህርት ቤቱ ቢያንስ በቀን ጥቂት ሰዓት ከዚያ ጫና ያሳርፋታል ይላሉ። ይህን ክርክር በማላገጥ መመለስ አይገባም። የምንለው አንድ ነገር አለ፤ የሚያስገድዳት አባቷ ከሆነ ሕጉ የሚቀጣው ለምን እርሷን ሆነ? አባት ይበድላል፤ ልጅ ከትምህርት ገበታ ትባረራለች፤ ተባርራም የምትመለሰው ወደዚያው አባት ቤት ነው። ይህን ብለን ግን ጉዳዩ አለቀ ለማለት ይከብደናል። የእኛ ማተብስ የታሰረልን ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችን ስንጠመቅ አይደለምን? ማንም አልጠየቀንም። ካደግን በኋላ ነው የራሳችን ያደረግነው፤ ያላደረጉትም አሉ። እንግዲህ ሃይማኖት በምርጫ ብቻ ይጀምራል ልንል አንችልም። ልንጠይቅ የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ሲያድግ ልጁ መልሶ ሊያስረው ወይም ሊፈታው ሲነሣ በትሩን ይዞ የሚጠብቀው ማን ነው?

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱት እኅቶቻችን ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ መስቀልን ከልብስ በታች ደብቆ መኖር የብዙዎች ታሪክ ነው። በዲሴምበር 2011 በጅዳ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ታስረዋል፤ ከእነርሱም 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ይህን ስንሰማ ያዘነው ኀዘን ትክክለኛ ነበር። ያ ኀዘን ግን ለእኛ ወገን ብቻ የሚሠራ ከሆነ የፍትሕ ኀዘን አይደለም፤ የዘመድ ኀዘን ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ ያደረጉ ሙስሊም ተማሪዎች ከክፍልና ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ መታገዳቸውን፣ ነገሩም ፍርድ ቤት መድረሱን ሁላችን ሰምተናል። በመቀሌም ሰልፍ ተደርጎበታል። በዚህ ላይ በመካከላችን የጦፈ ክርክር ነበር። «አክሱም ቅድስት ከተማ ናት» የሚለውን ስሜት እናከብራለን፤ ከጽዮን ማርያም ደጅ የበለጠ የምንወደው ስፍራ የለንም። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጽዮን ማርያም አይደለም፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ፈተና የምትጠብቅ ልጅም የመጣችው ልትማር ነው። የእስልምና መጻሕፍት እንደሚተርኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ የነቢያቸው ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ወደ አክሱም ሲመጡ፣ አሳልፈህ ስጠን ብለው እጅ መንሻ የያዙ መልእክተኞች ተከትለዋቸው ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ ስደተኞቹን ጠርቶ አነጋገራቸው፤ ከሰማቸው በኋላም አልሰጣቸውም። ሙስሊሞች ያ ንጉሥ ኋላ ሰልሟል ይላሉ፤ እኛ አንቀበለውም፤ በዚህ አንስማማም። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ያደረገውን ግን እነርሱም እኛም እንመሰክርለታለን።

በግቢያችን ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይቀርብልናል፤ በረመዳንም ሙስሊሞቹ ተማሪዎች ማታ የሚያፈጥሩበት ይዘጋጃል። ሁለቱም ለምነው፣ ማመልከቻ ጽፈው፣ ተመላልሰው ያገኙት ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የልብስ ጥያቄ ሲነሣም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በፈተና ቀን የተማሪዋ ማንነት መታወቅ አለበት ከተባለ፣ ፊቷን የምትሸፍነውን ተማሪ ሴት ፈታኝ ለብቻዋ አይታ መታወቂያዋን ታረጋግጣለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሙስሊም ተማሪዎቹ ማመልከቻ ቢጽፉ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ስድስታችን ከሥሩ ለመፈረም ተስማምተናል። እነርሱም በጅዳ ስለ ታሰሩት ዓይነት ሰዎች ስንጽፍ ይፈርሙልን እንደ ሆነ እንጠይቃቸዋለን።

የ13 ዓመቷን ልጅ ነገር የተሻለ መልስ ያለው ወንድም ወይም እኅት ለሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ከሁለት ገጽ ባይበልጥ።